ለሳሎን የሚስማማ ቋሚ ስፒከር፦ ዳሊ ኦቤሮን 5፣ ኬፍ ኪው 750 እና ክሊፕሽ አርፒ-8000ኤፍ 2

ለሳሎኑ ወለል ላይ የሚቆም አዲስ ስፒከር ለመግዛት ያሰበ ሰው ምርጫውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከስፒከሩ ነው። የዉፈሩን (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል) ስፋት፣ የሚሸከመውን ዋትና የሚወርድበትን ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያነጻጽርና አቅሙ የፈቀደለትን ትልቁን ይወስዳል። በዚህ ግምገማ የማቀርባቸውን ሦስት ስፒከሮች የምመዝናቸው ግን ከሌላው ጫፍ ተነሥቼ ነው፤ መጀመሪያ ስፒከሩ የሚቆምበትን ቦታ፣ ከጀርባው ያለውን ግድግዳና አድማጩ የሚቀመጥበትን ሶፋ አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለዚያ ቦታ የሚመቸው የትኛው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሦስቱም በየመንገዳቸው በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። አንዱን ሳሎን የሚያስደስት ስፒከር ሌላውን ሳሎን የሚያስጨንቀው በአብዛኛው ጥራት ስለጎደለው ሳይሆን ከቦታው ጋር ስላልተስማማ ነው።

የሳሎንን ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ቤዝ የምንለው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ድምፅ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ 40 ኸርዝ ድግግሞሽ ያለው፣ ማለትም በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት 8.6 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ያህል የረዘመ ሞገድ እንደ ቀጭን ድምፅ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም፤ ክፍሉን ሞልቶ በግድግዳዎቹ መካከል ይመላለሳል። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት የሞገዱን ግማሽ ሲያክል ደግሞ የሚመላለሰው ድምፅ በራሱ ላይ እየተደረበ ይጠራቀማል። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ የጣሪያው ከፍታ 2.7 ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ ይህ ክምችት መጀመሪያ የሚከሰተው በ34፣ በ43 እና በ64 ኸርዝ አካባቢ ነው። ርዝመቱና ወርዱ እኩል በሆነ ሳሎን ሁለቱ ክምችቶች በአንድ ድግግሞሽ ላይ ስለሚደራረቡ ችግሩ ይብሳል።

ይህን ለመለየት የመለኪያ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ቤዝ ጊታር ከታች ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ እየወጣ የሚጫወትበትን ቀረጻ ከፍቶ መስማት ይበቃል። ተጫዋቹ ሁሉንም ኖታዎች በእኩል ጉልበት እየመታ ሳለ አንዱ ኖታ በድንገት አብጦ የሶፋውን መደገፊያ ያንዘፈዝፋል፤ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ጭራሽ የተዘለለ ይመስላል። አድማጩ ተነሥቶ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሲራመድ የጠፋው ኖታ ይመለሳል፣ ያበጠውም ይረጋል። ስፒከሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ጆሮው ያለበት ቦታ ነው። በክፍሉ ርዝመት ላይ የሚፈጠረው የመጀመሪያው ክምችት በግድግዳዎቹ አጠገብ እጅግ ጎልቶ፣ በክፍሉ መካከል ደግሞ እጅግ ደክሞ ይሰማል። ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ በሚቀመጥበት ሳሎን ትልቅ ቤዝ ያለው ስፒከር መግዛት እንግዲህ ቀድሞውንም በበዛው ላይ መጨመር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስፒከሩ ከጀርባው ካለው ግድግዳ የሚርቅበት መጠን ሲሆን፣ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምመለከተው ይህንን ነው። ወፍራም ድምፅ ከኮኑ፣ ማለትም እየተርገበገበ ድምፅ ከሚያወጣው የስፒከሩ ሽፋን፣ ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን በሳጥኑ ዙሪያ ሁሉ ይሰራጫል። ወደ ኋላ የሄደው ግድግዳው ላይ ነጥሮ ሲመለስ፣ ከኮኑ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት የሞገዱን ሩብ በሚያክልበት ድግግሞሽ ላይ ከፊተኛው ድምፅ ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ ይገናኝና ያዳክመዋል። ኮኑ ከግድግዳው 1 ሜትር ቢርቅ ጉድለቱ በ86 ኸርዝ፣ 60 ሳንቲሜትር ቢርቅ በ143 ኸርዝ አካባቢ ይሆናል። የአብዛኞቹ ወንዶች የንግግር ድምፅ መሠረት ከ85 እስከ 180 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ስለሆነ፣ ይህ ጉድለት ዜና አንባቢን የሳሳ፣ ዘፋኝንም ደረት የሌለው አስመስሎ ሊያቀርብ ይችላል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮይ አሊሰን በ1970ዎቹ ይህን የግድግዳ ተጽዕኖ በስፋት አጥንቶ፣ ከግድግዳ አጠገብ እንዲቆሙ ታስበው የተነደፉ ስፒከሮች እስከ መሥራት ደርሷል። በዛሬዎቹ ቋሚ ስፒከሮች ላይ ሁለት ዉፈሮች በተለያየ ከፍታ መደርደራቸው በዚህ ረገድ አንድ ጥቅም አለው፤ ከወለሉ የሚነጥረው ድምፅ የሚያስከትለው ጉድለት በአንድ ድግግሞሽ ላይ ከመከመር ይልቅ ይበተናል።

ከግድግዳው ጋር የሚያያዝ ሌላም ነገር አለ። አብዛኞቹ ቋሚ ስፒከሮች የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ያላቸው ናቸው፤ ቀዳዳው ቤዙን እስከ አንድ ወሰን ድረስ ይደግፈዋል፣ ከዚያ በታች ግን ድምፁ በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር፣ 24 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል እየወረደ በፍጥነት ይጠፋል። ኤድጋር ቪልቹር መሥራቹ የሆነበት አኮስቲክ ሪሰርች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1954 ጀምሮ ያስፋፋው ፍጹም የተዘጋ ሳጥን ደግሞ በአንድ ኦክታቭ 12 ዴሲቤል ያህል ብቻ ስለሚወርድ፣ ቁልቁለቱ የላላ ነው። ግድግዳና ጥግ ቤዙን ከፍ ስለሚያደርጉት በትንሽ ሳሎን ውስጥ የላላው ቁልቁለት ብዙ ጊዜ የተሻለ ይስማማል። የተዘጋ ቋሚ ስፒከር ማግኘት ግን ዛሬ ቀላል አይደለም። አንዳንድ አምራቾች ቀዳዳውን ለመድፈን የሚያገለግል የስፖንጅ ውታፍ ከስፒከሩ ጋር የሚሰጡት ለዚሁ ነው፤ ሳሎኑ ጠባብ የሆነበት ገዢ ውታፉ በሳጥኑ ውስጥ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ወደ ስፒከሮቹ ስመጣ የምጀምረው ከትንሹ ነው። ዳሊ በ1983 በዴንማርክ የተመሠረተ አምራች ሲሆን፣ የኦቤሮን ቤተሰብን ያወጣው በ2018 ነው። ኦቤሮን 5 ቁመቱ 83 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 16 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ 28 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። 13 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያላቸው፣ ኮናቸው የእንጨት ጭረት ተቀላቅሎበት የተሠራ ሁለት ዉፈሮችና ከተለመደው 25 ሚሊሜትር ከፍ ያለ 29 ሚሊሜትር ለስላሳ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ክፍል) አለው። አምራቹ የሚሰጠው ዝቅተኛ ድግግሞሽ 39 ኸርዝ፣ ትብነቱ (በተወሰነ ቮልት የሚያሰማው የድምፅ መጠን) 88 ዴሲቤል፣ ኢምፒዳንሱ (ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ) 6 ኦም ነው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ከሦስቱ የሚያንሰው ይህ ነው፤ በሳሎን ውስጥ ሲቆም ግን ቁጥሩ የማይናገራቸው ሁለት ነገሮች ይገለጣሉ።

አንደኛው ቤዙ ነው። ጀርባው ከግድግዳው 20 ሳንቲሜትር ርቆ ሲቆም ኮኑ ከግድግዳው 48 ሳንቲሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ከላይ የገለጽኩት ጉድለት በ180 ኸርዝ ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ በታች ያለውን ክልል ደግሞ ግድግዳው ራሱ ከፍ ያደርገዋል። ኦቤሮን 5 በራሱ ከልክ ያለፈ ቤዝ የማያወጣ በመሆኑ ይህ የግድግዳ ድጋፍ ሳያደነቁር ሙላት ይሰጠዋል። የአየር ቀዳዳው ከኋላ ስለሆነ ግን ከ20 ሳንቲሜትር በታች እንዲጠጋ አልመክርም። ሁለተኛው ነገር የድምፁ ስርጭት ነው። ዳሊ ስፒከሮቹ ወደ አድማጩ እንዳይጠመዘዙ፣ ፊታቸውን ቀጥ አድርገው እንዲቆሙ ይመክራል፤ ትዊተሩ ድምፁን ወደ ጎን ሰፋ አድርጎ እንዲበትን የተነደፈ ነውና። በሶፋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰውም የዘፋኙን ቃላት ሳይደበዝዙበት ይሰማል። ስፒከሩ አጭር መሆኑ ትዊተሩን ከተቀመጠ ሰው ጆሮ በታች ያደርገዋል፤ ሆኖም ከ3 ሜትር ርቀት ላይ የ20 ሳንቲሜትር ልዩነት 4 ዲግሪ እንኳ የማይሞላ ማዕዘን ስለሆነ፣ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ካልተቀመጡ በቀር አያስቸግርም። ድክመቱ ግልጽ ነው። ትልቅ ኦርኬስትራ ወይም የተኩስ ድምፅ የበዛበት ፊልም ድምፁ ከፍ ተደርጎ ሲከፈት ትንንሾቹ ዉፈሮች የሚገፉት አየር ያጥራል፤ የከበሮው ምት ይሰማል እንጂ ደረት ላይ አያርፍም።

ኬፍ በ1961 በእንግሊዝ አገር በሬይመንድ ኩክ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከ1988 ጀምሮ መታወቂያው የሆነው ዩኒ-ኪው የሚባለው አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ትዊተሩ መካከለኛውን ድምፅ ከሚያወጣው ኮን በላይ ለብቻው አይቀመጥም፤ በኮኑ እምብርት ውስጥ ይገጠማል። በ2017 የወጣው ኪው 750 አንድ ባለ 16.5 ሳንቲሜትር ዩኒ-ኪው፣ አንድ ተመሳሳይ ስፋት ያለው ዉፈርና ኤሌክትሪክ የማይደርሳቸው፣ በአየር ግፊት ብቻ የሚንቀሳቀሱ ሁለት ረዳት ኮኖች አሉት። ረዳት ኮኖቹ የቀዳዳውን ሥራ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ በቀዳዳ አንዳንድ ጊዜ የሚሰማው የአየር መንፏፏት በእነርሱ የለም። አምራቹ በ2024 የኪው ቤተሰብን ሜታ በሚል አዲስ ትውልድ ተክቶታል፤ ኪው 750 አሁንም ከተገኘ ግን ለሳሎን ተስማሚነቱ አልቀነሰም።

የዚህ ስፒከር ዋና ብርታት ከአንድ በላይ ሰው በሚያዳምጥበት ሳሎን ውስጥ ይታያል። በተለመደው አሠራር ትዊተሩና መካከለኛው ኮን አንዱ ከሌላው በላይ ስለሚቀመጡ፣ አድማጩ ሲነሣና ሲቀመጥ ሁለቱ ድምፆች የሚገናኙበት ክልል ይለዋወጣል። ዩኒ-ኪው ግን ድምፁን ከአንድ ነጥብ ስለሚያወጣ ወደ ላይም፣ ወደ ታችም፣ ወደ ጎንም የሚሄደው ድምፅ ተቀራራቢ ነው። በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ለረጅም ዓመታት የሠራው ፍሎይድ ቱል ያካሄዳቸው፣ አድማጮች የሚሰሙት የትኛውን ስፒከር እንደሆነ ሳያውቁ ፍርዳቸውን የሚሰጡባቸው ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ሰዎች በአመዛኙ የሚመርጡት ከፊት ለፊት ድምፁ ያልተዛባውን፣ ወደ ጎን የሚልከውም ድምፅ ሳይቆራረጥ ቀስ በቀስ የሚቀንሰውን ስፒከር ነው። በሳሎን ውስጥ የምንሰማው ቀጥታ ከስፒከሩ የመጣውን ብቻ ሳይሆን ከጎን ግድግዳና ከጣሪያ ነጥሮ የመጣውንም ጭምር ስለሆነ፣ ይህ ግኝት ከላቦራቶሪ ይልቅ ለመኖሪያ ቤት የሚጠቅም ነው። ኪው 750 በፒያኖ ቀረጻ ላይ ይህን ጎልቶ ያሳያል፤ ከግራ እጅ ወደ ቀኝ እጅ የሚሻገረው ዜማ መሣሪያው መልኩን የለወጠ ሳይመስል አንድ ሆኖ ይዘልቃል።

ስለ ኪው 750 በሰፊው የሚነገረውና እኔ የማልስማማበት አንድ አስተያየት አለ። ከኋላው ቀዳዳ ስለሌለው ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ ይቻላል ይባላል። ቀዳዳ አለመኖሩ አየሩ እንዳይታፈን ያደርጋል፤ ነገር ግን ወፍራሙ ድምፅ ከሳጥኑ ዙሪያ ወደ ኋላ መሄዱን አያስቀርም፤ ግድግዳውም እንደ ማንኛውም ስፒከር ሁሉ ያነጥረዋል። ስለዚህ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር እንዲርቅ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። አምራቹ የሚገልጸው ዝቅተኛ ድግግሞሽ 48 ኸርዝ መሆኑ ከኦቤሮን 5 ያነሰ ያስመስለዋል። ሆኖም እነዚህን ቁጥሮች እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ስለሚያወጣቸው ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር አያዋጣም፤ የኪው 750 ቤዝ በመጠን ይበልጣል፣ ክፍሉም ከታች ይረዳዋል።

ክሊፕሽ አርፒ-8000ኤፍ 2 ከሁለቱ ፍጹም የተለየ ጠባይ አለው። መሥራቹ ፖል ክሊፕሽ ከ1946 ጀምሮ የሠራው ክሊፕሽሆርን የክፍሉን ጥግ የራሱ አካል አድርጎ እንዲጠቀም የተነደፈ ስለነበር፣ ስፒከርን ከክፍሉ ጋር አዋህዶ የማሰብ ልማድ በዚህ ኩባንያ አዲስ አይደለም። አርፒ-8000ኤፍ 2 ግን የተለመደ ሳጥን ነው፤ ሁለት ባለ 20 ሳንቲሜትር ዉፈሮች፣ በሆርን (እንደ ጥሩምባ አፍ በሚሰፋ መውጫ) ውስጥ የተገጠመ የቲታኒየም ትዊተርና ከኋላ የሚከፈት ቀዳዳ አለው። ሆርኑ የቀጭኑን ድምፅ ጉልበት በተወሰነ ማዕዘን ውስጥ ሰብስቦ ወደ አድማጩ ይልካል። ይህም የጎን ግድግዳው መስታወት ወይም ባዶ ሲሚንቶ ለሆነበት ሳሎን ይጠቅማል፤ ወደ ግድግዳው የሚሄደው ድምፅ ስለሚቀንስ ንግግር ጠርቶ ይሰማል። በተቃራኒው ግን በቅርብ የተቀመጠ አድማጭ የጥሩምባና የሲምባል ድምፅ በርትቶ ሊያስቸግረው ይችላል። እኔ ይህን ስፒከር ከ3 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ለሚያዳምጥ ሰው አልመርጥለትም። 5 በ4 በሆነ ሳሎን ውስጥም ሁለቱ ትልልቅ ዉፈሮች በ34 እና በ43 ኸርዝ ያሉትን ክምችቶች በኃይል ስለሚቀሰቅሱ፣ ቤዙን መግራት የዘወትር ሥራ ይሆናል። ሳሎኑ ከመመገቢያ ክፍሉ ጋር ያለ ግድግዳ በተያያዘበትና ስፒከሩ ከግድግዳ ከ60 ሳንቲሜትር በላይ ወጥቶ መቆም በሚችልበት ቤት ግን ከሦስቱ ቦታውን በሚገባ የሚሞላው እርሱ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ እዚያ ይደክማሉ።

ክሊፕሽ ለዚህ ስፒከር የሚሰጠው ትብነት 98 ዴሲቤል ነው። ትብነት ማለት ስፒከሩ 2.83 ቮልት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚያሰማው የድምፅ መጠን ሲሆን፣ ይህ ቮልት በ8 ኦም ስፒከር ላይ 1 ዋት፣ በ4 ኦም ላይ ደግሞ 2 ዋት ይሆናል። 3 ዴሲቤል ለመጨመር የአምፕሊፋየሩን ዋት እጥፍ ማድረግ፣ 10 ዴሲቤል ለመጨመር ደግሞ ዐሥር እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። አድማጩ 3 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ፣ የግድግዳውን ድጋፍ ባንቆጥር እንኳ፣ ድምፁ 9.5 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ስፒከሮቹ ሁለት መሆናቸው 3 ዴሲቤል ይመልሳል። በዚህ ስሌት ትብነቱ 88 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በአድማጩ ጆሮ ዘንድ 90 ዴሲቤል ለመድረስ የሚፈልገው በእያንዳንዱ ጎን 7 ዋት ገደማ ብቻ ነው። የክሊፕሽ ቁጥር እንዳለ ቢወሰድ ደግሞ 1 ዋት እንኳ አይሞላም። ለድንገተኛ የሙዚቃ ከፍታ ብዙ እጥፍ መጠባበቂያ ቢያዝም፣ በሳሎን ውስጥ የ200 ዋት አምፕሊፋየር ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ይልቅ ሊታይ የሚገባው ኢምፒዳንሱ ነው፤ 8 ኦም ተብሎ የተጻፈበት ስፒከር በአንዳንድ ድግግሞሾች ወደ 4 ኦም ሊወርድ ስለሚችል፣ አምፕሊፋየሩ 4 ኦም እንደሚችል በጀርባው ወይም በመመሪያው ላይ መረጋገጥ አለበት።

ከመግዛት በፊት በሚደረግ ማዳመጥ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። ሁለት ስፒከሮች ሲነጻጸሩ የድምፃቸው መጠን እኩል መደረግ አለበት፤ በ1 ወይም በ2 ዴሲቤል ከፍ ብሎ የሚሰማው ስፒከር ለጆሮ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ማዳመጡም ቤት ውስጥ በሚለመደው መጠን ይሁን። ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት ጆሯችን ድምፅ ዝግ ሲል ከሁሉ ቀድሞ የሚያጣው ቤዙን ስለሆነ፣ ማታ ልጆች ተኝተው ዝግ አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው በመደብር ውስጥ በከፍተኛ ድምፅ ያሞገሰው ስፒከር ቤቱ ሲደርስ ይሳሳበታል። ከሁሉ የሚበልጠው ስፒከሩን ወስዶ በራስ ሳሎን መሞከር ነው፤ ሻጩ መልሶ የሚቀበልበት ውል ካለው ይህ ዕድል ከማንኛውም ቅናሽ ይልቅ ዋጋ አለው።

በሙከራው ወቅት ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ አድርጎ መጀመር፣ ከዚያም የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ያለበትን ቀረጻ ከፍቶ ዘፋኙ በሁለቱ መካከል ቆሞ እንደሆነ መስማት ነው። ድምፁ ወደ አንድ ወገን ካደላ አንደኛው ስፒከር ለጎን ግድግዳ ወይም ለመደርደሪያ ቀርቧል። መካከሉ ባዶ ከመሰለ ደግሞ ስፒከሮቹ እጅግ ተራርቀዋል። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ በስፒከሩና በሶፋው መካከል ወፈር ያለ ምንጣፍ ማንጠፍ የቀጭኑን ድምፅ ስለት ከማንኛውም ውድ ገመድ በላይ ያለዝበዋል፤ በቤዙ ላይ ግን ምንጣፍም ሆነ መጋረጃ የሚያመጣው ለውጥ የለም ማለት ይቻላል።

5 በ4 ለሚሆን፣ ስፒከሩ ከግድግዳ ብዙ መራቅ ለማይችልበት ሳሎን የእኔ ምርጫ ኦቤሮን 5 ነው። ሦስትና አራት ሰው በተለያየ ወንበር ላይ ሆኖ የሚያዳምጥበት፣ 30 እና 40 ሳንቲሜትር ከግድግዳ መራቅ የሚቻልበት ሳሎን ያለው ሰው ኪው 750ን ይውሰድ። ክሊፕሹን ለሰፊውና ለክፍቱ ሳሎን እተወዋለሁ። ከኦቤሮን 5 ጎን ቆሞ የሚያባብለው ባለ 18 ሳንቲሜትር ዉፈሮቹ ኦቤሮን 7 ቁመቱ ከ1 ሜትር የሚያልፍ ሲሆን፣ በአምራቹ ቁጥር የሚወርደው እስከ 36 ኸርዝ ነው፤ ከ39 ኸርዝ ጋር ያለው ልዩነት የሚገኘው ደግሞ የ5 ሜትሩ ሳሎን ራሱ ድምፅ በሚያከማችበት ክልል አጠገብ በመሆኑ፣ እዚህ ሳሎን ውስጥ ለትልቁ ተጨማሪ ገንዘብ አላወጣም።